ሌሊት የተበረበረ ቤት፣ ያለ ዝርዝር የተወሰዱ ሰነዶች

የአንባቢዋ ጥያቄ፦ «ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ድለላ ይሠራል። ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ፖሊሶች መጥተው ቤታችንን በረበሩ። አንድ ወረቀት አሳዩንና መልሰው አጠፉት፤ አላነበብነውም። ወንድሜን በማታለል ወንጀል ተጠርጥረሃል ብለው ወሰዱት። ስልኩን፣ ላፕቶፑን፣ በእናቴ ስም ያለውን የቤታችንን ካርታ፣ የእናቴን ፓስፖርትና የሁላችንንም መታወቂያ ይዘው ሄዱ። ዝርዝር አልሰጡንም። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ እስካሁን ፍርድ ቤት አልቀረበም። 48 ሰዓቱ የሚቆጠረው ከሰኞ ጀምሮ ነው ይሉናል። የስልክህን ፓተርን ክፈት እያሉትም ነው። እናቴ ደግሞ ለሕክምና ውጭ አገር ቀጠሮ አላት። አንዳንዱ ሰው፣ ብርበራው ሕገወጥ ስለሆነ ማስረጃው ውድቅ ነው ይለናል። ጎረቤት ደግሞ መርማሪውን በእጅ አናግሩት ይለናል። ምን እናድርግ?»

ሁለት ጉዳዮች ተደባልቀውብዎታል። አንዱ የወንድምዎ መታሰር ነው። ሌላው የተወሰዱት ሰነዶች ናቸው። አቤቱታቸው ይለያያል፤ የሚያጣድፉበት ምክንያትም ይለያያል። ካርታ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ተመልሶ ይመጣል። ሰው ግን ከሕግ ውጭ አንድ ሌሊትም ታስሮ ማደር የለበትም። ስለዚህ ከሰው እንጀምር።

«48 ሰዓት ከሰኞ ይቆጠራል» ያላችሁ ሰው ወይ ተሳስቷል፣ ወይ አሳስቷችኋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከዚህ ውስጥ የማይቆጠረው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ነው። ቅዳሜና እሁድ አይቆጠሩም የሚል ቃል የለም። በዓል አይቆጠርም የሚልም የለም። «መርማሪው ዕረፍት ላይ ነው»፣ «መኪና የለንም» የሚሉት ሕጉ የማያውቃቸው ምክንያቶች ናቸው። ወንድምዎ የተያዘው ቅዳሜ ንጋት 10 ሰዓት ከሆነ፣ 48 ሰዓቱ ያለቀው ሰኞ ንጋት 10 ሰዓት ላይ ነው። የአዲስ አበባ መንገድ የቱንም ያህል ቢጨናነቅ ከጣቢያ ፍርድ ቤት ለመድረስ ቀን አይፈጅም። ቢዘገይ ቢዘገይ ሰኞ ጠዋት ችሎት ሲሰየም መቅረብ ነበረበት።

ሕግ አውጪው ይህን ሰዓት ያጠበበው በምክንያት ነው። አንድ ሰው ከጣቢያው ሌላ ማንም ሳያየው በቆየ ቁጥር የሚደበደብበት፣ የሚሰወርበት፣ ያልፈጸመውን የሚያምንበት ዕድል ይሰፋል። 48 ሰዓት ማለት ሌላ ዓይን፣ የዳኛ ዓይን፣ ሰውየውን የሚያይበት የመጨረሻው ገደብ ነው። ስለዚህ በጣቢያ በር ላይ «እስኪ እስከ ነገ እንታገሥ» አይበሉ።

ዛሬ ማድረግ ያለብዎት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ ነው። መሠረቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 4 እና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ናቸው። አቤቱታው በቃለ መሐላ ይደገፋል። ወንድምዎ ራሱ ቃለ መሐላውን መፈረም ካልቻለ፣ ለምን እንዳልቻለ ገልጸው እርስዎ በእሱ ስም ማቅረብ ይችላሉ። መጻፍ ያለበት ቀላል ነገር ነው። ማን ያዘው? የት ነው የታሰረው? ከመቼ ጀምሮ? ፍርድ ቤት ቀርቧል ወይስ አልቀረበም? ስሜትዎን ትተው ሰዓቱን ይጻፉ። ዳኛ የሚሠራው በሰዓትና በቀን ነው። ፍርድ ቤቱ አሳሪውን ክፍል ወንድምዎን ይዞ እንዲቀርብና የያዘበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ያዛል።

ይህን ስታደርጉ የሚከተለውንም ልንገርዎት። አቤቱታው መቅረቡ ሲሰማ፣ ፖሊስ ወንድምዎን ፈጥኖ ወደ ጊዜ ቀጠሮ ችሎት ሊወስደው ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ያኔ «ተሸወድን» ብሎ ያዝናል። አልተሸወዳችሁም። ሰውየው ከጣቢያ ሥልጣን ወጥቶ በዳኛ ቁጥጥር ሥር ገባ ማለት ነው። ነገር ግን ፍርድ ቤት በሕግ አግባብ እንዲቆይ ካዘዘ በኋላ፣ አካልን ነፃ የማውጣቱ አቤቱታ ጉልበት ያጣል። ከዚያ በኋላ ትግሉ የዋስትና ነው።

በጊዜ ቀጠሮ ችሎት ላይ ፖሊስ ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ ይጠይቃል። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይፈቀድ ይከለክላል። የሕጉ ትልቅ ክፍተት ግን እዚሁ ጋ ነው፤ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ጣሪያ አላስቀመጠም። 14 ቀን በ14 ቀን ላይ እየተደረበ ወራት የሚያልፉት በዚህ ቀዳዳ ነው። ማቆሚያው የዳኛው ጥያቄና የእናንተ ክርክር ነው። ባለፉት ቀናት ምን ተሠራ? ምን ቀረ? የቀረውን ለመሥራት ሰውየው መታሰሩ ለምን ያስፈልጋል? ከባንክ መግለጫ ለማምጣት፣ የመኪና ሽያጭ ውል ግልባጭ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመጠየቅ ማንም መታሰር የለበትም። ጠበቃዎ ይህን በየቀጠሮው ሳይታክት መጠየቅ አለበት።

ስለ ዋስትና ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 መሠረት እንደ ነገሩ ሁኔታ በቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 63 መሠረት ዋስትናን የሚያስከለክለው ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስከትል ወንጀል ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ማታለል ብቻ ከሆነ ዋስትና በሕግ አይከለከልም። ፖሊስ የሚቃወመው በቁጥር 67 ምክንያቶች ይሆናል፤ «ግዴታውን አያከብርም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል» ብሎ። እነዚህን የሚያፈርስ ማስረጃ አዘጋጅተው ይሂዱ። ቋሚ አድራሻ፣ ቤተሰብ፣ የሥራ ፈቃድ፣ አስተማማኝ ዋስ። ማስረጃው ሁሉ በፖሊስ እጅ ከሆነ ደግሞ «ያጠፋዋል» የሚለው ስጋት ራሱ ከየት መጣ? ይህ ጥሩ ክርክር ነው። ፍርድ ቤቱ ከከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። የተጠረጠረበትን አንቀጽ በቁጥር ይጠይቁ። «ማታለል» ተብሎ ተጀምሮ ሐሰተኛ ሰነድ ወይም ሌላ ከባድ ወንጀል ሊጨመር ይችላል። ሙስናና ሽብርን የመሰሉ ጉዳዮች ደግሞ የየራሳቸው ልዩ ሕግ አላቸው። አንቀጹ ሲቀየር የዋስትናው ስሌትም ይቀየራል።

እስከዚያው ወንድምዎን የማየት መብት አላችሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊጎበኙት እንደሚችሉ ይናገራል። «ምርመራ ላይ ነው፣ አይገባም» የሚለው መልስ ከዚህ ጋር አይሄድም። ሲያገኙት ሰውነቱን ያስተውሉ። የተመታ ነገር ካለ ወዲያውኑ ሐኪም እንዲያየው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በሚቀጥለው ችሎትም ለዳኛው በቃል ይናገር፣ መዝገብ ላይ እንዲሰፍርለትም ይጠይቅ። ምልክት በሳምንት ይጠፋል፤ በመዝገብ የሰፈረ ቃል ግን ይቀራል።

ቃል ስለመስጠት ሲያገኙት የሚነግሩት ነገር አጭር ነው። ዝም የማለት መብት አለው። የሚናገረው በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ፖሊስ ራሱ በሚገባው ቋንቋ ሊነግረው ይገባል። ቃል ከሰጠ ሳያነብ አይፈርም፤ ያላለው ነገር ከተጻፈ እንዲታረም ይጠይቅ። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ፖሊስ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 35 መሠረት ወንድምዎን ፍርድ ቤት ወስዶ የእምነት ቃሉን ሊያስመዘግብ ይችላል። ጣቢያ ከተሰጠ ቃል ይልቅ ዳኛ ፊት የተሰጠ ቃል እጅግ ይከብዳል። በኋላ «ተገድጄ ነው» ብሎ ማስተባበል ፈታኝ ነው። ዳኛው በፈቃድህ ነው ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። አስገድደውት ከሆነ እውነቱን መናገር ያለበት እዚያው፣ ያኔ ነው። «ትናገርና ትፈታለህ» ተብሎ የሄደ ሰው መፍታት የዳኛ እንጂ የመርማሪ ሥልጣን እንዳልሆነ ይወቅ።

የስልኩ ፓተርን ነገር ትንሽ ያወዛግባል። ስለ ይለፍ ቃልና ፓተርን የሥነ ሥርዓት ሕጉ በስም የሚናገረው የለም፤ የ1954 ዓ.ም. ሕግ ነውና አይገርምም። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረጉ ግንኙነቶች የማይደፈሩ መሆናቸውን ይናገራል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም የኮምፒውተር ሥርዓትን ለመበርበር የፍርድ ቤት ትእዛዝን መነሻ ያደርጋል። እኔ የምይዘው አቋም ይህ ነው፤ ስልክን እንደ ዕቃ መያዝና ውስጡን ማንበብ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው። ሁለተኛው የራሱ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ወንድምዎ «ትእዛዝ ካለ አሳዩኝ፣ ጠበቃዬን ላማክር» ቢል መብቱን መጠቀሙ ነው እንጂ ፖሊስን ማደናቀፉ አይደለም። ዳኞች ሁሉ ግን በዚህ አቋም ይስማማሉ ብዬ ቃል አልገባልዎትም።

እርስዎም ሆኑ ሌላ የቤተሰብ አባል የስልኩን ይዘት በርቀት አታጥፉ። የኢሜይሉን ይለፍ ቃል የምታውቁ ከሆነ ወደ አካውንቱ ገብቶ መሰረዝ በጣም ሊያጓጓ ይችላል። አታድርጉት። ንጹሕ ሰው የነበረውን ማስረጃ አጥፊ ያደርገዋል፤ እናንተንም ተጠርጣሪ ያደርጋችኋል፤ ዋስትናውንም ይዘጋል። የባንክና የቴሌብር ሒሳቡ ካሳሰበው፣ በጉብኝት ጊዜ ወይም በጠበቃው በኩል ለባንኩ በጽሑፍ አሳውቆ አገልግሎቱን ማሳገድ ይችላል። እሱ ገንዘብን መጠበቅ እንጂ ማስረጃ ማጥፋት አይደለም።

ወደ ብርበራው ልምጣ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 32 እና 33 መሠረት ቤት ለመበርበር መርሑ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። የጣቢያ አዛዥ የፈረመው ደብዳቤ የብርበራ ትእዛዝ አይደለም። የዐቃቤ ሕግ ደብዳቤም አይደለም። ትእዛዙ የሚፈለገውን ነገር ለይቶ መጥቀስ አለበት፤ ፖሊስም በትእዛዙ ከተጠቀሰው ውጭ መያዝ አይችልም። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር ብርበራ የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የተደረገው ብርበራ ሕጋዊ የሚሆነው ትእዛዙ ሌሊትን በግልጽ ፈቅዶ ከሆነ ነው።

ግን «ያለ ወረቀት ፈጽሞ አይገቡም» የሚለውም ልክ አይደለም። ሕጉ ሁለት በር ከፍቷል። አንደኛው ወንጀለኛ እግር በእግር እየተከተሉት ቤት ሲገባ ወይም የወንጀሉን ዕቃ እዚያ ሲጥል ነው። ሁለተኛው ከ3 ዓመት በላይ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል አቤቱታ ቀርቦ፣ ለማስረጃ የሚሆን ዕቃ በአንድ ቦታ መሸሸጉን የሚያስጠረጥር ጥቆማ ሲኖርና ትእዛዝ እስኪወጣ ቢጠበቅ ዕቃው ሊሸሽ ይችላል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲታመን ነው። ማታለል እስከ 5 ዓመት ሊያስቀጣ ስለሚችል ፖሊስ በዚህ ሁለተኛ በር ሊከራከር ይችላል። በእናንተ ጉዳይ ግን ወረቀት ይዘው መጥተዋል። ትእዛዝ ለማውጣት ጊዜ ኖሯቸው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የሚታየው ያ ወረቀት ምን ይላል የሚለው ነው።

ያንን ወረቀት ማግኘት አለብዎት። ትእዛዙን የሰጠው ፍርድ ቤት መዝገብ አለው። የትኛው ምድብ ችሎት እንደሆነ በመጀመሪያው የጊዜ ቀጠሮ ቀን ዳኛው ፖሊስን እንዲጠይቅ ጠበቃዎ ያመልክት፤ ከዚያም ከሬጅስትራር ግልባጭ ይጠየቅ። አምስት ነገር ይዩበት። ማኅተሙ፣ ቀኑ፣ የቤቱ አድራሻ፣ የሌሊት ፈቃድ መኖሩ፣ የሚያዙት ነገሮች ስም። «ከወንጀሉ ጋር ግንኙነት ያላቸው ሰነዶች» ብቻ ብሎ ያለፈ ከሆነ፣ የእናትዎ ፓስፖርት ከመኪና ሽያጭ ጋር ምን ግንኙነት አለው ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። በአሜሪካ ፊልም የለመድነው «ሕገወጥ ብርበራ ከሆነ ማስረጃው ይጣላል» የሚለው ደንብ በእኛ ሕግ በዚያ መልክ የለም። ሕገ መንግሥታችን በግልጽ ውድቅ ያደረገው በማስገደድ የተገኘን ማስረጃ ነው። በሕገወጥ ብርበራ የተገኘ ሰነድ ተቀባይነት የለውም የሚል ግልጽ ድንጋጌ ግን የለም። ክርክሩን ማንሳት ይገባል፤ እኔም አነሣዋለሁ። ግን የወንድምዎን መከላከያ በዚህ ላይ ብቻ አይገንቡ። ሰነዱ መዝገቡ ውስጥ እንደሚቆይ አስባችሁ፣ ለይዘቱ መልስ አዘጋጁ። ሕገወጥ ብርበራ ከማስረጃው ይልቅ የሚያስከትለው የፖሊሱን የግል ተጠያቂነትና የካሳ ጥያቄን ነው።

ፖሊስ ሰነድ ሲይዝ ባለቤት አይሆንም፤ ባለአደራ ነው የሚሆነው። ቁጥር 33 የተያዙትን ዕቃዎች ዝርዝር እንዲያዘጋጅ፣ በተቻለ መጠን ገለልተኛ የሆነ ሰው እንዲያመሳክረውና እንዲፈርምበት፣ ዕቃዎቹም በጥንቃቄ እንዲቀመጡ ያስገድዳል። ይህ የመርማሪው ችሮታ ሳይሆን ሥራው ነው። ለፖሊሱም ይጠቅመዋል። ዝርዝር የሌለው ኤግዚቢት፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ፣ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው የያዘው ሰው ነው። ቅን መርማሪ ይህን ያውቃል፤ ዝርዝሩን ስትጠይቁትም አይቆጣም።

ዝርዝር አልሰጧችሁምና የራሳችሁን ዛሬ ማታ ጻፉ። ካርታው ቁጥሩ ስንት ነው? ፓስፖርቱስ? ፎቶ ኮፒ ወይም የስልክ ፎቶ ካላችሁ ፈልጉ። የላፕቶፑን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ላይ አግኙ። በብርበራው ወቅት የነበሩትን ሰዎች፣ የደረጃ ምስክር ተብሎ ብርበራውን እንዲታዘብ የተጠራ ጎረቤት ካለም ስሙን መዝግቡ። ከዚያ ለጣቢያው ኃላፊ አጭር ደብዳቤ ጽፋችሁ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት የሚከተሉት ተይዘውብናል፤ የኤግዚቢት ዝርዝር ግልባጭ ይሰጠን» በሉ። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ላይ ተቀብለናል ብለው ቀን፣ ማኅተምና ፊርማ ያድርጉበት። እንቢ ካሉ እንቢ ማለታቸውን ጽፋችሁ ለፍርድ ቤት አቅርቡ። የጣቢያውን ዝርዝር ፈርሙ ከተባላችሁ የጎደለውን ከፊርማችሁ በላይ ጽፋችሁ ፈርሙ። ባዶ መስመር አትተዉ።

ሰነዶቹን ለማስመለስ እያንዳንዱን ለየብቻው እዩት። ካርታው በእናትዎ ስም ነው። እናትዎ አልተጠረጠሩም። ስለዚህ አቤቱታውን ራሳቸው እናትዎ በሦስተኛ ወገንነት ጉዳዩን ለያዘው ችሎት ያቅርቡ፤ ወንድምዎ ባያቀርበው ይሻላል። ፖሊስ «ቤቱ እንዳይሸጥ ነው» ካለ መልሱ ግልጽ ነው። ቤት እንዳይሸጥ የሚደረገው በፍርድ ቤት እግድ ነው፤ ካርታ በመሳቢያ በመቆለፍ አይደለም። ግልባጩ ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ ዋናው ይመለስ በሉ። እስኪመለስ ድረስ ለክፍለ ከተማው መሬት አስተዳደር «ዋናው ካርታ በፖሊስ ተይዟል፤ በእኛ ፈቃድ የተላለፈ መብት የለም» የሚል ደብዳቤ አስገቡ። በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ የቤት ሽያጭ ውል ወይም የስጦታ ሰነድ ካላችሁም እዚያ ግልባጭ ስላለ የተረጋገጠ ኮፒ ይጠየቃል።

መታወቂያውን በተመለከተ አንድ አደገኛ ምክር ሲሰጥ እሰማለሁ፤ «ጠፋብኝ ብላችሁ ሌላ አውጡ» የሚል። አታድርጉት። የት እንዳለ እያወቁ ጠፋ ማለት ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሐሰት መናገር ነው። ራሱን የቻለ ወንጀል ይሆንና ወንድምዎን ለማስፈታት የሄደው ቤተሰብ ሌላ መዝገብ ይከፈትበታል። «በፖሊስ ተይዟል» ብላችሁ እውነቱን ተናገሩ፤ የጣቢያው ማኅተም ያለበትን ደብዳቤያችሁን አሳዩ። ፋይዳ ያላችሁ ደግሞ ዋናው ነገር 12 አኃዝ ያለው ቁጥሩ ስለሆነ የታተመው ካርድ ቢያዝም መለያችሁ አልጠፋም።

መርማሪውን «በእጅ ማናገር» የሚባለውን በግልጽ ልናገር፤ ጉቦ ነው። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ተቀባይንም ሰጪንም ይቀጣል። ከዚህ በላይ ግን ለወንድምዎ አይጠቅምም። 48 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ብር የሰጣችሁ ቀን ሕጉ ከእናንተ ጋር መሆኑን ያቆማል። ነገ ሌላ መርማሪ ይመደባል፤ እሱም ይጠይቃል። ያለፈውን በደል ከስሳችሁ እንዳትናገሩም አፋችሁ ይታሰራል። ገንዘቡን ለጠበቃ ክፈሉት። አቅም ከሌላችሁ በፍርድ ቤት ያሉትን ተከላካይ ጠበቆችና የዩኒቨርሲቲ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትን ጠይቁ። ጉቦ የጠየቃችሁ ፖሊስ ካለ፣ የጠየቀበትን ቀን፣ ቦታና ቃሉን ጽፋችሁ ለጣቢያው ኃላፊና ለዐቃቤ ሕግ አቤት በሉ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም የእስር አያያዝ አቤቱታ ይቀበላል፤ ግን የኮሚሽኑ አቤቱታ የፍርድ ቤቱን አይተካም። ጎን ለጎን ይሂድ።

ስለ ፖሊስ ሥራም ፍትሐዊ መሆን አለብን። የመኪና ሽያጭ ማታለል ብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ያጣበት ወንጀል ነው። ገንዘቤን ተበላሁ ያለ ሰውም የፖሊስ ጥበቃ ይገባዋል። ሕጋዊ ትእዛዝ የያዘ ፖሊስ መግባት ግዴታው ነው፤ በር ከተዘጋበትም ተመጣጣኝ ኃይል መጠቀም ይችላል። ስለዚህ ሌላ ጊዜ ቢመጡ በር ላይ አትታገሉ፣ አትሳደቡ። ትእዛዙን አንብቡ፤ በስልክ ፎቶ ለማንሳት ጠይቁ። የመርማሪውን መታወቂያ እዩ። በየክፍሉ አንድ የቤተሰብ ሰው ከበርባሪው ጋር ይቁም። የሴቶች አካል የሚፈተሽ ከሆነ በሴት ፖሊስ እንዲሆን ጠይቁ፤ ሕጉ በተመሳሳይ ጾታ እንዲሆን ያዛል። ዝርዝሩ ሳይጻፍ ዕቃ ከቤት እንዳይወጣ በትሕትና ግን በጽናት ተናገሩ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በመደበኛ ጊዜ መሆኑን አይዘንጉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ የአንቀጽ 19 እና የአንቀጽ 26 መብቶች ሊገደቡ ይችላሉ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የታወጀውን የምታስታውሱት ይመስለኛል። በዚያን ጊዜ እንኳ የማይነካው አንቀጽ 18 ነው፤ ከጭካኔና ኢሰብዓዊ አያያዝ የመጠበቅ መብት። ሌላው ገደብ አፈጻጸም ነው። ፍርድ ቤት ፍታ ብሎ ያዘዘውን ጣቢያ የሚያዘገይበት ጊዜ አለ። ያኔ ወደ ሌላ ቢሮ አትሩጡ፤ ትእዛዙን የሰጠው ችሎት ኃላፊውን ጠርቶ እንዲጠይቅ ወዲያውኑ አመልክቱ።

ከሕግ ውጭ የያዘ ባለሥልጣን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423፣ ያሰቃየ ደግሞ በአንቀጽ 424 ይጠየቃል። በደረሰው ጉዳት ካሳ ለመጠየቅ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 ሠራተኛውንም መንግሥትንም ለመክሰስ መንገድ ይከፍታል። የመክሰሻው ጊዜ ግን በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ 2 ዓመት ነው። ወንድምዎ ሲፈታ በደስታ ብዛት ወረቀቱ ሁሉ እንዳይጣል።

የእናትዎን ፓስፖርት በተመለከተ ምክሬ ይህ ነው። ካርታው ጋር አታያይዙት። ለብቻው አስቸኳይ አቤቱታ ይሁን። የሐኪም ቤቱን የቀጠሮ ደብዳቤ፣ የጉዞውን ቀንና የሕክምና ማስረጃውን አያይዙ። እናትዎ አልተከሰሱም፣ ፓስፖርቱም የመኪና ሽያጭ ማስረጃ አይደለም፣ ፖሊስ ካስፈለገው ግልባጩን ያስቀር በሉ። የወንድምዎን አቤቱታ የሚያስገባው ሰው ሬጅስትራር ጋ ሲቆም ይህንንም በእጁ ይያዝ።